ስለ ቦረና የሣር ምድር፤ ሣሩ ሲለወጥ ዕፀዋቱ፥ እንስሳቱና ንግዱ እንዴት እንደሚለወጡ

ከብት ወደ ውጭ አገር የሚልክ ነጋዴ የገበያውን ዋጋ፥ የመኪናውን ኪራይ፥ የወደቡን ወጪና የባንኩን ሰነድ በየቀኑ ይመረምራል። ቆዳና ሌጦ የሚሰበስበውም ደረጃውን ይለያል፤ ጨውን ይመዝናል። ዳሩ ግን የሁለቱም ሀብት መነሻ የሆነው ሣር በሒሳብ መዝገባቸው ውስጥ ስሙ ተጽፎ አይገኝም። ሣሩ ሲጠፋ ከብቱ ይከሳል፤ ከብቱ ሲከሳ ዋጋው ይወድቃል፤ ከብቱ ሲያልቅ ደግሞ ገበያው ራሱ ይዘጋል። ስለዚህ የሣር ምድር እንዴት እንደሚኖርና እንዴት እንደሚለወጥ ማወቅ ለእረኛውና ለሊቃውንቱ ብቻ የሚተው ነገር አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የቦረና ምድር ለምሳሌ ተወስዶ ነገሩ በየተራው ይገለጻል፤ የሚጠቀሰውም ዓመተ ምሕረት በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

የምድሩ አቀማመጥና የዝናቡ ልማድ

የቦረና ከፍተኛ ሜዳ በደቡብ ኢትዮጵያ በኬንያ ወሰን አጠገብ ይገኛል። ስፋቱ 95,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያኽል ተብሎ ይገመታል። አብዛኛው ክፍል ከባሕር ወለል በላይ ከ1,000 እስከ 1,600 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን፥ በዓመት የሚያገኘው ዝናብ በአማካይ ከ400 እስከ 700 ሚሊ ሜትር ነው። ዝናቡም በሁለት ወራት ተከፍሎ ይመጣል፤ ዋናው «ጋና» የተባለው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፥ አነስተኛው «ሐጋያ» የተባለው ከመስከረም እስከ ኅዳር ይዘንባል። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ደረቅ ነው። እንዲህ ያለው ዝናብ ለእህል የማይታመን ሲሆን ለሣር ግን ይበቃል። ስለዚህ የአገሩ ሰው ከጥንት ጀምሮ ሀብቱን በከብት ላይ አኖረ።

የቦረና ከብት ዝናው ከአገር ውጭ የወጣ ነው። ባለ ሻኛ፥ ቀለሙ ብዙውን ጊዜ ነጭ ወይም ዳለቻ፥ ሙቀትንና ጥምን የሚችል ዘር ነው። ወደ ኬንያ ተሻግሮ በዚያ ባሉ አርቢዎች እጅ ከተሻሻለ በኋላ «ቦራን» በሚል ስም እስከ አውስትራሊያ ድረስ ደርሷል። በአገር ውስጥም በአዳማ አካባቢ ወዳሉት ማድለቢያዎች ከሚገቡት ወይፈኖች ብዙዎቹ ከዚሁ ምድር የተነሡ ናቸው።

የጥንቱ ሚዛን

የሣር ምድር ሣር ብቻ የበቀለበት ቦታ አይደለም። በውስጡ አራት ኀይሎች እርስ በርሳቸው ሲጋፉ ይኖራሉ፤ እነርሱም ሣሩ፥ እንጨቱ፥ የሚግጠው እንስሳና እሳት ናቸው። የሣር ሥር በአፈሩ ላይኛ ክፍል ተሰራጭቶ የዝናቡን ውሃ ቶሎ ይጠጣል። የግራርና የቁጥቋጦ ሥር ግን ወደ ታች ጠልቆ ከሣሩ ያመለጠውን ውሃ ይፈልጋል። ሣሩ ጤነኛ ሲሆን ለእንጨቱ ችግኝ የሚተርፈው ውሃ ጥቂት ነው። ከዚህም በላይ ሣሩ ሲደርቅ ማገዶ ይሆናል፤ እሳት በተነሣ ጊዜ ገና ያላደገው ችግኝ ይቃጠላል። ሣሩ ግን ሥሩና ቡቃያው ከመሬት ሥር ወይም በመሬት አጠገብ የተሸሸገ ስለ ሆነ ዝናብ ሲመጣ እንደ ገና ይለመልማል።

ቦረናዎች ይህን ሥርዓት ከብዙ ዘመን ልማድ ያውቁት ነበር። በደረቁ ወራት መጨረሻ፥ ዝናብ ከመግባቱ በፊት፥ ያረጀውን ሣር በየተራ ያቃጥሉ ነበር። እሳቱም ሦስት ጥቅም ነበረው፤ ቁጥቋጦውን ይገታል፤ መዥገርን ይቀንሳል፤ ለከብቱም ለጋ ሣር ያስገኛል።

ውሃውም የግጦሹ መቈጣጠሪያ ነበር። «ዘጠኙ ቱላ» በመባል የታወቁት የጥልቅ ጕድጓዶች ስፍራዎች የደረቁ ወራት ዋና መጠጫዎች ሲሆኑ፥ ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው ውሃውን በዜማ እየተቀባበሉ ያወጣሉ። «አባ ሄሬጋ» የተባለው ኀላፊ የመጠጫውን ተራ ያስከብራል። ከብቱ በደረቁ ወራት በየሦስተኛው ቀን ብቻ እንዲጠጣ ስለሚደረግ ከጕድጓዱ ርቆ ለመጋጥ ጊዜ ያገኛል። የሚታለቡት ላሞችና ጥጆች «ወራ» ተብለው በመንደር አጠገብ ሲቈዩ፥ ወይፈኖችና የነጠፉት ላሞች «ፎራ» ተብለው ወደ ሩቅ ግጦሽ ይነዳሉ። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ መንጋው ውሃ ወዳቈረበት ሁሉ ይበተናል፤ በጕድጓዶቹ አካባቢ ያለው ሣርም ያርፋል። ይህን ሁሉ የሚጠብቀው የገዳ ሥርዓት ሲሆን፥ ይኸው ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ተጽፏል።

ለውጡ እንዴት እንደ መጣ

በ1960ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ መንግሥት የሣር ማቃጠልን ከለከለ። የክልከላው ሐሳብ ደንንና ግጦሽን ከጥፋት ለማዳን ነበር። በዚያው ዘመን ገደማ ለከብት ልማት ተብሎ ዐዳዲስ ኩሬዎች ተቈፈሩ። ቀድሞ ውሃ ባለመኖሩ በዝናብ ወራት ብቻ ይጋጥ የነበረው ምድር ከዚህ በኋላ መንጋ ለረዥም ጊዜ የሚሰፍርበት ሆነ። ኩሬው ጥምን ቈረጠ፤ ነገር ግን የሣሩን ዕረፍት ወሰደ። የሰውም ቍጥር እየበዛ ሲሄድ፥ በደረቅ ወራት የመንጋው መሸሸጊያ የነበሩት ለም ሸለቆዎች ይታረሱ ጀመር፤ አንዳንዱም ግጦሽ በግል ታጠረ።

ከእነዚህ ምክንያቶች እያንዳንዱ ብቻውን ቢሆን ምድሩ ይችለው ነበር ይሆናል። በአንድነት ሲመጡ ግን ሚዛኑን አፋለሱት። እሳት ከቀረ ችግኝ አይሞትም። ሣሩ ያለ ዕረፍት ከተጋጠ የዝናቡ ውሃ ወደ ታች ሰርጎ ችግኙን ያሳድጋል። ችግኙ አድጎ ቁጥቋጦ በሆነ ጊዜ ሣሩን ውሃና ብርሃን ይሻማዋል። ሣሩ በቀነሰ መጠን ደግሞ ለእሳት የሚበቃ ማገዶ አይገኝም፤ ስለዚህ እሳቱ በኋላ ቢፈቀድ እንኳ በራቁት መሬት ላይ አይሄድም። ለውጡ አንድ ጊዜ ከገፋ በኋላ ራሱን በራሱ የሚመግብ በመሆኑ፥ መመለሱ ከመከላከሉ ይልቅ ብዙ ድካምና ብዙ ወጪ ይጠይቃል።

መቀመጫውን በአዲስ አበባ አድርጎ የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ማዕከል ከ1972 እስከ 1983 ዓ.ም. በቦረና ያካሄደውን ጥናት በ1986 ዓ.ም. ገደማ ባወጣ ጊዜ፥ ከግጦሹ ምድር 40 በመቶ ያኽሉ በቁጥቋጦ መያዙ ተገልጧል። ከዚያም ወዲህ ቁጥቋጦው እየሰፋ እንጂ እየጠበበ አልሄደም።

በዕፀዋቱ ላይ የደረሰው

በቦረና የሚታወቁት ደግ ሣሮች «ማት ጉዴሳ»፥ «አላሎ»፥ ሰርዶና እነዚህን የመሰሉ ናቸው። እነዚህ ከዓመት ዓመት የሚኖሩ፥ ሥራቸው አፈርን አጥብቆ የሚይዝ ሣሮች ናቸው። ያለ ዕረፍት ሲጋጡ ሥራቸው ይደክማል፤ በእነርሱም ቦታ በአንድ ዝናብ በቅለው የሚደርቁ ደካማ ሣሮችና ከብት የማይወዳቸው አረሞች ይተካሉ። በመጨረሻም መሬቱ ይራቈታል። በተራቈተ መሬት ላይ የዘነበ ዝናብ ወደ አፈሩ ከመግባት ይልቅ እየጠረገ ይሄዳል። ስለዚህ የዝናቡ ልክ ሳይጐድል ሣሩ የሚያገኘው ውሃ ይጐድላል። የአገሩ ሽማግሌዎች ዝናቡ ጥንት የነበረውን ሣር አያበቅልም ሲሉ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በሌላው ወገን «ሐማሬሳ»፥ «ሰፈንሰ ጉራቻ» እና «ፉሌንሳ» የተባሉት የግራር ዐይነቶች ተስፋፉ። በተለይ በጥቁር አፈር ላይ የሚበቅለው ፉሌንሳ የሚደንቅ መከላከያ አለው። ከእሾሁ ሥር ያበጠ ባዶ ክፍል ይገኛል፤ በውስጡ ጕንዳኖች ይኖሩበታል። እንስሳ ቅጠሉን ሊበላ ሲጠጋ ጕንዳኖቹ ወጥተው አፉንና አፍንጫውን ይነድፋሉ። ዛፉ ቤት ይሰጣል፤ ጕንዳኑም በዘበኝነት ይከፍላል። እንዲህ ያለውን እንጨት ያለ እሳት መግታት አስቸጋሪ መሆኑ ግልጥ ነው።

በቤት እንስሳት ላይ የደረሰው

ላም ሣር ትግጣለች፤ ፍየልና ግመል ግን ቅጠል ይቀነጥባሉ። ምድሩ ከሣር ወደ ቁጥቋጦ ሲለወጥ ላም የሚበቃትን ለማግኘት ብዙ መንገድ ትሄዳለች፤ ወተቷ ይቀንሳል፤ ጥጃዋም ይቀጭጫል። በቁጥቋጦው ውስጥ መዥገር ይበዛል፤ አውሬም ለመሸሸግ ይመቸዋል። ስለዚህ ከብት ብቻ ያረቡ የነበሩ ቦረናዎች ብዙዎቹ ፍየልና ግመል ጨመሩ። በአንድ በኩል ይህ ብልኀት ነው፤ ግመል በድርቅ ጊዜ ወተት አያቋርጥም፤ ፍየልም ቶሎ ትራባለች። በሌላው በኩል ግመል ለመግዛት ዐቅም የሌለው ድኻ ቤተ ሰብ ከለውጡ ጋር ሊለወጥ ባለመቻሉ ወደ ኋላ ይቀራል።

በዱር እንስሳት ላይ የደረሰው

ከነጌሌ ከተማ አጠገብ በሚገኘው በሊበን ሜዳ ፈረንጆች «ላርክ» ከሚሉት ወገን የሆነች ትንሽ ቡናማ ወፍ ትኖራለች። በሳይንስ የታወቀችው በ1960 ዓ.ም. ነው። ጎጆዋን የምትሠራው በዛፍ ላይ ሳይሆን በመሬት ላይ፥ በሣር ጕቶች ሥር ነው። ሣሩ ሲያጥር ጎጆዋ ይጋለጣል፤ ቁጥቋጦ ሲበዛ ትሸሻለች፤ መሬቱ ሲታረስም መኖሪያዋ ይጠፋል። ከ1999 እስከ 2001 ዓ.ም. ባለው ጊዜ በተደረገ ቈጠራ በሁለት ዓመት ውስጥ ብቻ ቍጥሯ በ40 በመቶ ያኽል መውረዱ ስለ ታየ፥ ለመጥፋት እጅግ የተቃረበች ተብላ ተመዘገበች። በአፍሪካ ዋና ምድር በዘመናችን ፈጽማ የምትጠፋ የመጀመሪያዪቱ ወፍ እንዳትሆን ብዙ ተፈርቷል። በጅጅጋ አካባቢ የምትኖረው ወፍ የእርሷው ወገን መሆኗ በኋላ ቢታወቅም፥ የሊበኖቹ አደጋ ግን በዚህ አልቀለለም።

በያቤሎና በሜጋ አካባቢ ደግሞ በዓለም በሌላ ስፍራ የማይገኝ ቁራ አለ፤ ስሙም የአቢሲኒያ የቁጥቋጦ ቁራ ይባላል። ስሙ ቁጥቋጦን ያነሣል እንጂ ኑሮው ግልጥ ሜዳ ይፈልጋል። ጎጆውን በረዥም ግራር ላይ ይሠራል፤ ምግቡን ግን በአጭር ሣር መካከል መሬት እየቈፈረና የከብት እበት እየገለበጠ ይለቅማል። ለእርሱ ዛፉም ሜዳውም ያስፈልጉታል። ዛፉ ለከሰል ሲቈረጥ ጎጆውን ያጣል፤ ሜዳው በቁጥቋጦ ሲዘጋ ምግቡን ያጣል።

ከአርባ ምንጭ ማዶ ያለው ሜዳ «ነጭ ሣር» የተባለው በሣሩ መልክ ነው። በዚያም ቁጥቋጦው እየገፋ ሣሩ ጠብቧል፤ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው የስዌይን ቆርኬም በሜዳው ላይ በጣት እስኪቈጠር ድረስ አንሷል። ስሙ ቀርቶ ሣሩ እንዳይጠፋ ያሠጋል።

ይህ የነገር ሰንሰለት በሌላ አገር በሌላ በር ገብቶ ታይቷል። በታንዛኒያ የሚገኘው የሴሬንጌቲ ሜዳ ዋይልድቢስት የተባሉ የዱር እንስሳት መንጋ አለው። በ1880ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የኢትዮጵያን ከብት ፈጅቶ «ክፉ ቀን» ለተባለው ረኃብ ምክንያት የሆነው የደስታ በሽታ እነዚህንም ይገድላቸው ነበር። በአካባቢው ያሉ የቤት ከብቶች በተከተቡ ጊዜ በሽታው ከዱሩም ጠፋ፤ በ1953 ዓ.ም. ገደማ 250,000 ያኽል የነበረው መንጋ በ1969 ዓ.ም. ገደማ 1,300,000 ደረሰ። መንጋው ሣሩን ስለ ጨረሰው የሚቃጠለው አነሰ፤ እሳት በመቀነሱም ዛፍ በዛ። ለላም የተሰጠ መርፌ በሩቅ ሜዳ ዛፍ አበቀለ ማለት ነው። የደስታ በሽታም በ2003 ዓ.ም. ከዓለም ፈጽሞ መጥፋቱ ታውጇል።

ድርቅ ሲመጣ

ድርቅ በቦረና ዐዲስ እንግዳ አይደለም። ዐዲሱ ነገር ግጦሹ የጠበበበት መንጋ ድርቅን የመቋቋም ዐቅሙ ማነሱ ነው። ዝናብ በደኅና ዓመታት መንጋው ይበዛል፤ ምድሩ ከሚችለው በላይ ሲደርስ አንድ መካከለኛ ድርቅ እንኳ ብዙውን ይጥለዋል። ከ1975 እስከ 1977 እና ከ1983 እስከ 1985 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት በተነሡት ድርቆች በእያንዳንዱ ጊዜ ከከብቱ ከሦስት እጅ አንድ እጅ በላይ እንዳለቀ በጥናት ታውቋል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ደግሞ አምስት የዝናብ ወራት በተከታታይ ሳይሳኩ ቀርተው፥ የአካባቢው ሰው በዕድሜው ያላየው እልቂት በከብቱ ላይ ደረሰ።

ጥፋቱ በገበያ ላይ የሚታየው በሁለት ደረጃ ነው። በመጀመሪያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ለመሸጥ ስለሚወጣ የከብት ዋጋ ይወድቃል፤ የእህል ዋጋ ግን ይወጣል። ቀድሞ አንድ ወይፈን ሸጦ የወራት ቀለቡን የሚገዛው ሰው አሁን በዚያው ወይፈን የሳምንታት ቀለብ ብቻ ያገኛል። ሁለተኛው ደረጃ የሚመጣው ዝናብ ከዘነበ በኋላ ነው። ላሞቹ ስላለቁ ለገበያ የሚወጣ ወይፈን አይኖርም፤ በግጦሽ ብቻ የምታድግ ጊደር ለመጀመሪያ ጊዜ እስክትወልድ አራት ዓመት ያኽል ይፈጅባታል። በርካሽ የተገዛበት የድርቅ ወራት ትርፍ በሚቀጥሉት ዓመታት እጦት ተመልሶ ይሄዳል።

ለንግዱ ያለው ትርጕም

የቆዳና የሌጦ ነጋዴዎች ለውጡን በእጃቸው ይዳስሱታል። በእሾህ መካከል የሚውል እንስሳ ቆዳው ይጫራል፤ መዥገር የነከሰው ቦታም ከተለፋ በኋላ እንደ ነቍጥ ይታያል። በድርቅ ጊዜ ደግሞ የበክት ቆዳ ይበዛል፤ እርሱም ደረጃው ዝቅተኛ ነው። ፋብሪካው ቆዳውን ሲጥል ጥፋቱን በአራጁ ወይም በጨው አቀባዩ ላይ ብቻ ማሳበብ አይገባም፤ አንዳንዱ ጭረት የመጣው ከግጦሹ ነው።

ለሥጋ ላኪዎች ፍየልና በግ መብዛታቸው ዕድል ነው። ይሁን እንጂ ከሣሩ ጋር የጠፋውን የከብት ሀብት ፍየል ብቻዋን አትተካም። የባለ ሱቁ ነገርም እንዲሁ ነው። በያቤሎ፥ በሜጋ ወይም በሞያሌ ስኳር፥ ሻይ፥ ጨርቅና የበቆሎ ዱቄት በዱቤ የሚሰጥ ባለ ሱቅ፥ የዱቤው ዋስትና የደንበኛው ከብት ነው። ከብቱ በሞተ ጊዜ መዝገቡ ላይ የተጻፈው ዕዳ ይቀራል፤ የአዲስ አበባው አከፋፋይም ገንዘቡን በጊዜው አያገኝም።

በሌላ በኩል ቁጥቋጦ ሁሉ ጠላት ነው ማለት ስሕተት ነው። ከቈላው ዛፎች ሙጫ፥ ዕጣንና ከርቤ ይገኛል፤ ንብም በግራር አበባ ማር ይሠራል። ለንግድ የሚጠቅመውን ዛፍ ከወራሪው ቁጥቋጦ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ከሰል ነጋዴ ትልቁን ግራር ቈርጦ ቁጥቋጦውን ከተወው ለሣሩ ምንም አልጠቀመም።

የተጀመሩት መፍትሔዎች

ቁጥቋጦን መቍረጥ ብቻ አይበቃም፤ ጕቶው እንደ ገና ያቈጠቍጣል። ስለዚህ በመጀመሪያ ይመነጠራል፤ ቀጥሎ መሬቱ ከግጦሽ ዐርፎ ሣር ይጠራቀምበታል፤ ከዚያም በጥንቃቄ እሳት ይለቀቅበታል፤ በመጨረሻም ፍየልና ግመል የሚያቈጠቍጠውን እንዲቀነጥቡት ይደረጋል። ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ በቊጥጥር ሥር ማቃጠል በሙከራ መልክ ተመልሷል። «ካሎ» የተባለው የታጠረ ግጦሽም፥ በማኅበር ሲጠበቅ፥ ለጥጆችና ለደካሞች ከብቶች የድርቅ ስንቅ ሆኗል። በሊበን ሜዳ እንዲህ ያለው አጥር ለከብቱ ሣር፥ ለትንሿም ወፍ መሸሸጊያ እንዲሆን ታስቦ ተሠርቷል።

በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የኦሮሚያ ኢንሹራንስ ኩባንያ ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ጋር በመተባበር በቦረና የከብት ዋስትና ጀመረ። አሠራሩ የሞተውን ከብት መቍጠር ሳይሆን፥ የምድሩን ልምላሜ በሳተላይት መለካት ነው፤ ልምላሜው ከተወሰነው መጠን በታች ሲወርድ ለደንበኛው ይከፈላል። «ላም አለኝ በሰማይ» የሚለው ተረት ለባዶ ተስፋ የተነገረ ነበር፤ እዚህ ግን የላሚቱ ሣር በእርግጥ ከሰማይ ይለካል።

ከዚህ ሁሉ ለነጋዴው የሚሆን ምክር አይጠፋም። ጋናና ሐጋያ በተከታታይ ሲያጥሩ ገበያው ከወራት በፊት ማስጠንቀቂያ ሰጥቷል ማለት ነው፤ ከብቱ ሳይከሳ በጊዜው መግዛት ለሻጩም ለገዢውም ይሻላል፤ ለመንጋው ዘር የሚሆኑት ላሞችም ይተርፋሉ። ዱቤ የሚሰጥ ባለ ሱቅ የዝናቡን ሁኔታ ሳይጠይቅ መዝገቡን ባያሳድግ ይበጀዋል። ከብት ላኪዎችና የቆዳ ነጋዴዎች በማኅበራቸው በኩል ለካሎ ጥበቃና ለምንጠራ ሥራ ቢረዱ፥ ገንዘቡ ለበጎ አድራጎት ብቻ የወጣ አይሆንም። ወደ አዳማ የሚጫነው ወይፈን ዛሬ በዚያ ሣር ላይ ቆሟል፤ የሚቀጥለው ዓመት ጭነትም ከዚያው ሣር ይጠበቃል።